ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርት ይዞ ከቼክ ኢን መመለስ፦ አንድ ጥያቄና 25 ምላሾች

ይህ የውይይት ክር በጣም ስለረዘመና አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከላይ የተመለሰውን እንደገና እየጠየቁ ስላስቸገሩ፣ ከመነሻው ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ምላሽ የተባለውን በራሴ አነጋገር አሳጥሬ አስቀምጫለሁ። አስተባባሪ ነኝና አልፎ አልፎ የራሴንም ጣል አደርጋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጠያቂው ለሁለት ሳምንት ወደ ኢንዶኔዥያ ሊሄድ ነው። ትኬቱን ቆርጧል፣ ሆቴሉን ከፍሏል፣ የመመለሻ ትኬቱንም ይዟል። ቼክ ኢን ላይ የነበረችው ሠራተኛ ፓስፖርቱን ገልጣ አየች፣ ኮምፒውተሯ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች፣ ደግማ ፓስፖርቱን አየችና መሳፈር አትችልም አለችው። ፓስፖርቱ ጊዜው ሊያልፍ አራት ወር ይቀረው ነበር። ሰውየው የሚከራከረው እንዲህ ብሎ ነው፤ የሚያበቃበት ቀን የታተመው የሰጠው መንግሥት እስከዚያ ቀን ይሠራል ስላለ ነው፣ ጉዞው ደግሞ ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ያልቃል፤ ታዲያ አንድ አየር መንገድ ከመንግሥት በላይ ሆኖ ሰነዱን የመጣል ሥልጣን ከየት አመጣ? የትኬቱ ገንዘብም እንደማይመለስ ተነግሮታል። ይሄ ዘረፋ ነው፣ የትኛው ሕግ እንደፈቀደላቸው የሚያውቅ ይንገረኝ ብሎ ጽሑፉን ዘጋ።

ምላሽ 1 አይዞህ ከማለት ያለፈ ነገር የለውም፤ እሱም ያስፈልጋል። ምላሽ 2 ጠያቂውን አንቱ እያለ በትሕትና ወደ ነገሩ ገባ። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀን የሰጪው አገር ቃል ነው፤ ተቀባዩ አገር ደግሞ በበሩ ላይ የራሱን ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል። ኢንዶኔዥያና ሲንጋፖርን የመሳሰሉ አገሮች መንገደኛው በሚገባበት ቀን ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ፓስፖርት ይጠይቃሉ ሲል አስረዳ። ምላሽ 3 ይህን ትሕትና አልወረሰም። የሚሄድበትን አገር የመግቢያ ደንብ ለማየት አምስት ደቂቃ የነፈገ ሰው ዘረፋ ብሎ መጮኹ እንደሚያስቀው ጻፈ። ነገሩ ሐሰት ባይሆንም አነጋገሩ ሰውየውን አስቆጣው፤ ከዚህ በኋላ የመጣው ጭቅጭቅ ግማሹ የዚህ ዳፋ ነው።

ምላሽ 4 የክሩ ምሰሶ ነው ብል አላጋነንኩም። ጸሐፊዋ ለዓመታት ቼክ ኢን ላይ የሠራች ናት። ሠራተኛው ራሱ አይፈርድም ትላለች። ታይማቲክ የሚባል የአያታ (የዓለም አቀፉ የአየር መንገዶች ማኅበር) የመረጃ ቋት አለ፤ አየር መንገዶች የመግቢያ ደንቦችን የሚያዩት በእሱ ነው። የመንገደኛው ዜግነት፣ የሰነዱ ዓይነት፣ የሚያበቃበት ቀን፣ መዳረሻው፣ ትራንዚት የሚያደርግበት ቦታና የሚቆይበት ጊዜ ይገባል፤ መልሱ ከነቅድመ ሁኔታው ይወጣል። አታሳፍሩ የሚል መልስ ከመጣ ሠራተኛዋ አዝና እንኳ ብታሳልፈው ጥፋቱ በራሷ ላይ ይመጣል። ምክንያቱም የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ውል የሆነው የቺካጎ ስምምነት አባሪ 9 መንገደኛው የሚያስፈልገውን ሰነድ መያዙን የማረጋገጥ ኃላፊነት አጓጓዡ ላይ ይጥላል፤ ሰውየው ድንበር ላይ ከተከለከለም የሚመልሰው ያው አጓጓዥ ነው። ቅጣትም አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ያወጣው መመሪያ አባል አገሮች ያለ በቂ ሰነድ ለመጣ ለእያንዳንዱ መንገደኛ በአጓጓዡ ላይ የሚጥሉት ከፍተኛ ቅጣት ከ5,000 ዩሮ፣ ወይም ዝቅተኛው ከ3,000 ዩሮ እንዳያንስ ያዛል። እንግዲህ ድንበሩ ያለው ከመነሻው ኤርፖርት ነው ማለት ነው፤ ጠያቂው ስለ ሥልጣን ላነሳው ነገር ከዚህ የተሻለ መልስ እኔ አላየሁም። በነገራችን ላይ አያታ ይኸንኑ መረጃ ለመንገደኛ የሚያሳይ ድረ ገጽ አለው፤ ጸሐፊዋ ሁሉም ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት እንዲያየው አሳስባለች።

ጠያቂው በምላሽ 5 ተመልሶ መጣ፤ ትንሽ ለዘብ ብሎ፣ ግን በጥርጣሬ። ይህን ሁሉ ካወቁ ትኬቱን ሲሸጡልኝ ለምን አልነገሩኝም ነው ጥያቄው። የትኬት ወኪል ነኝ ያለው ምላሽ 6፣ ትኬት ሲቆረጥ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ስም ብቻ እንደሆነ፣ የፓስፖርቱ ዝርዝር ከበረራው በፊት ባሉት ቀናት ወይም ቼክ ኢን ላይ እንደሚገባ ገለጸ። በትኬቱ የውል ቃል ውስጥም የጉዞ ሰነድ ማሟላት የመንገደኛው ኃላፊነት ነው የሚል አንቀጽ መኖሩን አስታወሰ። እኔ ግን እዚህ ላይ ለጠያቂው አደላለሁ። ማንም የማያነበው አንቀጽ ውስጥ ጽፎ ነግሬሃለሁ ማለት ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፣ መንገር ግን አይባልም።

ምላሽ 7 ምላሽ 2ን አረመ፤ ማረሙም ተገቢ ነበር፣ ብዙ ሰው ስድስት ወር የሚባለውን የዓለም ሕግ አድርጎ ነው የያዘው። የሸንገን አገሮች፣ ማለትም በመካከላቸው ያለውን የድንበር ፍተሻ ያስቀሩት የአውሮፓ አገሮች፣ የሚጠይቁት ስድስት ወር አይደለም። የነሱ መመዘኛ ሁለት ነው፣ ሁለቱም ለየብቻ ይታያሉ፦ ፓስፖርቱ በመግቢያው ቀን ከተሰጠ አሥር ዓመት ያልሞላው መሆን አለበት፤ ከዚያ ደግሞ ሰውየው ለመውጣት ካሰበበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር ሊቀረው ይገባል። አንደኛው የተሰጠበትን ቀን ይቆጥራል፣ ሁለተኛው የሚያበቃበትን። ሌሎች አገሮች ከመግቢያ ቀን ይቆጥራሉ፣ አንዳንዶቹ ከመውጫ፤ ፓስፖርቱ ለቆይታው ጊዜ ከበቃ ሌላ የማይጠይቁም አሉ። አሜሪካ በደንቧ ከቆይታው በላይ ስድስት ወር ትጠይቃለች፣ ነገር ግን ብዙ አገሮችን በስም ዘርዝራ ከዚህ ነጻ አድርጋለች። ስለዚህ አንድ ዓይነት ትኬት የያዙ ሁለት ጎረቤት ተቀማጮች በዜግነታቸው ምክንያት ብቻ የተለያየ መልስ ሊያገኙ ይችላሉ።

አሥር ዓመት የሚለው ነገር ምላሽ 8ን አስነሳው። የእንግሊዝ ፓስፖርት የያዘ ዘመዱ ጊዜው ገና ሰባት ወር እየቀረው ወደ ስፔን ከሚሄድ በረራ ቀርቷል። እስከ ሴፕቴምበር 2018 ድረስ ፓስፖርቱን ቀደም ብሎ ያሳደሰ እንግሊዛዊ፣ ከአሮጌው የቀረው ጊዜ እስከ ዘጠኝ ወር ድረስ በአዲሱ ላይ ይታከልለት ነበር። እንዲህ የወጣው ፓስፖርት አሥር ዓመት ከዘጠኝ ወር ሊያገለግል ይችላል። እንግሊዝ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ሳለች ችግር አልነበረም፤ ከወጣች በኋላ ግን የዜጎቿ ፓስፖርት በሌላው መንገደኛ ሚዛን ይመዘን ጀመር። የታከለችዋ ወር ጠቀሜታዋ ቀርቶ ሰውን ማሳሳቻ ሆነች።

ምላሽ 9 ስድስት ወር ለምን አስፈለገ ብሎ ጠየቀ፤ ምላሽ 10 በአጭሩ መለሰለት። ሰው ሊታመም፣ ሆስፒታል ሊተኛ፣ በረራው ሊሰረዝ፣ ሊታሰርም ይችላል። ፓስፖርቱ እዚያው ካለቀ እሱን መመለስ የኤምባሲና የወረቀት ጣጣ ይሆናል፤ አንዳንዱ ጨርሶ ኤምባሲ በአቅራቢያው የለውም። አገሮቹ ራሳቸውን እየጠበቁ ነው እንጂ በመንገደኛው ላይ ቂም ይዘው አይደለም። ምላሽ 11 ይህን አልተቀበለም፤ ታዲያ ሦስት ወር የሚበቃው ለአንዱ፣ ስድስት ወር የሚያስፈልገው ለሌላው ለምንድን ነው አለ። ለዚህ የመለሰለት የለም።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ገጾቹ ሄደ። ምላሽ 12 ባዶ ገጽ የሚያልቅበት ሰው ጊዜው ከሚያልፍበት ሰው አይሻልም ይላል፤ ለሸንገን ቪዛ የሚያመለክት ሰው ቢያንስ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ፓስፖርት ማቅረብ አለበት። ታዋቂ የጉብኝት ቦታ ላይ ለጨዋታ የሚመታውን ማኅተም ፓስፖርት ላይ ማስመታት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ሞኝነት ነው፣ የድንበር ሠራተኛ ሰነዱ ተበላሽቷል ሊል ይችላልና። ምላሽ 13 የተቀደደ ጠርዝና ውሃ የገባበት ገጽም እንዲሁ እንደሚያስመልስ ጨመረ።

የስሙ ጉዳይ የተነሳው በምላሽ 14 ነው፤ እኔ ይህን ክፍል ነው ደጋግሜ ያነበብኩት። ጸሐፊዋ ትኬቷ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቷ ጋር በአንድ ፊደል ተለያይቶ ከወረፋ ወጥታ እንድትቆም ተደርጋለች፤ ይህን ያህል ለምን እንደሚካበድ ገርሟታል። መልሱ ረጅሙ ምላሽ 15 ነበር። ከፎቶው ሥር ያሉትን ሁለት የማሽን መስመሮች እዩአቸው ይላል። እያንዳንዳቸው 44 ቦታ አላቸው፤ አጻጻፉን የወሰነው የኢካኦ (የተባበሩት መንግሥታት የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት) ሰነድ 9303 ነው። በላይኛው መስመር የሰነዱ ዓይነትና የሰጪው አገር ኮድ ከተጻፉ በኋላ ለስም የሚተርፈው 39 ቦታ ብቻ ነው። የቤተሰብ ስም ይቀድማል፣ ሁለት የማዕዘን ምልክቶች (<<) ይከተላሉ፣ ከዚያ የራስ ስም ይመጣል። የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም የሚያስገባ አገር አለ፣ የማያስገባም አለ፤ አንድ ስም ብቻ ያለው ሰውም አለ። የአሜሪካ ቪዛ የራስ ስም ቦታው ባዶ ለሆነ ሰው ኤፍኤንዩ ብሎ ይሞላል፤ ስሙ አይታወቅም እንደማለት ነው። ትኬት ሲቆረጥ ሰው በሚጠራበት ስም ሳይሆን እዚያ መስመር ላይ በተቀመጠው ቅደም ተከተል መሞላት አለበት።

የታችኛው መስመር የራሱ ሒሳብ አለው። ከፓስፖርት ቁጥሩ፣ ከትውልድ ቀኑና ከሚያበቃበት ቀን ቀጥሎ አንዳንድ የማረጋገጫ አኃዝ አለ። ምላሽ 15 ኤፕሪል 15፣ 2030ን ምሳሌ አድርጎ አሳይቷል። መስመሩ ላይ የሚጻፈው 300415 ነው። አኃዞቹ በተራ በ7፣ በ3፣ በ1 እየተባዙ ይደመራሉ፦ 21፣ 0፣ 0፣ 28፣ 3፣ 5። ድምሩ 57፤ ለ10 ሲካፈል የሚተርፈው 7 ነው፤ ስለዚህ ከቀኑ ቀጥሎ 7 ይታተማል። አንድ አኃዝ ተሳስቶ ከተነበበ ሒሳቡ አይገጥምም። ቺፕ ባለው ፓስፖርት ላይ ደግሞ ቺፑን ለማንበብ የሚያገለግለው ቁልፍ የሚሠራው ከነዚሁ ሦስት መረጃዎች ነው፤ ማሽኑ መጀመሪያ ገጹን መስታወት ላይ ካላስቀመጡለት ቺፑን የማያነበው ለዚህ ነው። ከዚህ በኋላ ሦስት ሰዎች ፓስፖርታቸውን አውጥተው ሒሳቡን እንደሠሩና እንደገጠመላቸው ተናገሩ፤ ከምላሽ 16 እስከ 18 ያሉት እነሱ ናቸው። ከነሱ አንዱ ማስረጃ ብሎ ገጹን ፎቶ አንስቶ ለጥፎ ነበር፤ ወዲያው አንስቼዋለሁ። እባካችሁ አትለጥፉ፣ ያ ገጽ ሁሉ ነገራችሁ ነው።

ምላሽ 19 ፓስፖርት ግድ ነው የሚለውን ነገር በጥቅሉ ተቃወመ። የኬንያ፣ የኡጋንዳና የሩዋንዳ ዜጎች ከ2014 ጀምሮ በመታወቂያ እርስ በርስ ይገባባሉ፤ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎችም በኅብረቱ ውስጥ እንዲሁ። ምላሽ 20 ይህ እውነት ቢሆንም ሰው እንዳይሳሳት አስጠነቀቀ፤ እንግሊዝ ከኦክቶበር 1፣ 2021 ጀምሮ ከአብዛኞቹ የኅብረቱ ዜጎች መታወቂያን መቀበል አቁማለች። መንጃ ፈቃድ፣ የመሥሪያ ቤት ባጅ፣ ስልክ ላይ ያለ የፓስፖርት ፎቶ፣ አንዳቸውም የጉዞ ሰነድ አይደሉም። ኢስቶኒያ ለውጭ ዜጎች የምትሰጠው የኢ-ነዋሪነት ካርድ እንኳ ስሙ ቢያጓጓም ድንበር አያሻግርም።

ሕፃናትን ያነሳው ምላሽ 21 ነው። ልጅ በወላጅ ፓስፖርት ላይ ተጽፎ የሚሄድበት ጊዜ በአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ዘንድ ጁን 26፣ 2012 ላይ አብቅቷል። በአሜሪካና በእንግሊዝ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚሰጠው ፓስፖርት የአምስት ዓመት ነው፤ የቤተሰቡን ፓስፖርት አንድ ላይ ያወጣ ወላጅ የልጁ ቀድሞ ማለቁን ይረሳዋል። አንድ ወላጅ ብቻውን ልጅ ይዞ ሲሄድም የሌላኛውን ወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ መያዝ ይበጃል። ደቡብ አፍሪካ በ2015 የልደት የምስክር ወረቀት ጭምር ግዴታ አድርጋ ነበር፣ በኋላ ለውጭ ዜጎች አላልታዋለች።

ምላሽ 22 ሲመጣ የክሩ ድምፅ ተቀየረ። ጸሐፊው ስደተኛ ነው፤ የሚጓዘው በ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 28 መሠረት በሚሰጠው የጉዞ ሰነድ ነው። እናንተ በወር ትጨቃጨቃላችሁ፣ እኔ ሰነዴ ሰነድ መሆኑን ለማስረዳት ቼክ ኢን ላይ ሰዓት እጨርሳለሁ ይላል። የሚኖርበት አገር ዜጎች ያለ ቪዛ በሚገቡበት ቦታ ሁሉ እሱም የሚገባ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። በማሽኑ መስመር ላይ በዜግነት ቦታ የአገር ኮድ የለውም፤ የተጻፈው ኤክስኤክስቢ ነው፣ ስደተኛ ማለት። አገር አልባ ለሆነ ሰው ኤክስኤክስኤ ይጻፋል። ከመነሳቱ በፊት ለአየር መንገዱ ጽፎ የታይማቲኩን መልስ አሳትሞ እንደሚይዝ፣ ሠራተኛው ሲያመነታ ወረቀቱን እንደሚያሳየው ነገረን። ከሁሉም ምላሾች ይበልጥ የሚሠራ ምክር የሰጠው ይህ ሰው ይመስለኛል። ጠያቂውም ዝም ብሎ አላለፈም፤ አመሰገነው።

ምላሽ 23 ከዚህ ተነስቶ ወደ ታሪክ ገባ። የስደተኛ ሰነድ መነሻው በ1922 የመጣው የናንሰን ፓስፖርት ነው፤ ሠዓሊው ሻጋልና የሙዚቃ ደራሲው ስትራቪንስኪ ይዘውታል። ፓስፖርትን ባለ 32 ገጽ ደብተር ያደረገው ደግሞ በ1920 ፓሪስ ላይ የተደረገው የመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ ነው። እዚያው ላይ የእንግሊዝ ንጉሥ ፓስፖርት እንደሌላቸው፣ ፓስፖርቱ የሚሰጠው በራሳቸው ስም ስለሆነ እንደማያስፈልጋቸው ጨመረ። ይህን ያየው የምላሽ 3 ጸሐፊ ንጉሡ ቢያንስ ስድስት ወሩን አይረሱም ብሎ ጠያቂውን እንደገና ነካው። ጠያቂውም መለሰ፣ እሱም መለሰ፤ ሁለቱም ወደ ስድብ ስለሄዱ የተጻጻፉትን በሙሉ አጥፍቻለሁ፣ በቁጥሩ ውስጥም አልገባም። ደንብ ማወቅ ሌላ፣ የወደቀ ሰው ላይ መቆም ሌላ።

የቀሩት ሁለቱ ምላሾች ሥራ ላይ የሚውሉ ናቸው። ምላሽ 24 ፓስፖርቷ ጠፍቶባት ለፖሊስና ለኤምባሲ አመልክታ ነበር፤ ሲገኝ ልትጓዝበት ትችል እንደሆነ ጠየቀች። የአሮጌው ፓስፖርቷ ነገርም አሳስቧታል፣ ጊዜው ገና ያላለፈ የአሜሪካ ቪዛ አለበት። የምላሽ 4 ባለቤት በምላሽ 25 ተመልሳ መለሰችላት። ጠፋ ተብሎ የተመዘገበ ሰነድ ይሰረዛል፤ ከ2002 ጀምሮ በሚሠራው የኢንተርፖል የጠፉና የተሰረቁ ሰነዶች ቋት ውስጥ ሊገባም ይችላል። ከሻንጣ ኪስ ቢገኝም ተመልሶ አይነሳም፣ አዲስ ማውጣት ነው። ለአሜሪካ ቪዛ ግን ጊዜው ያለፈውን ፓስፖርት ከአዲሱ ጋር አብሮ መያዝ ይበቃል፣ ቪዛው ካልተበላሸና ሁለቱ ፓስፖርቶች የአንድ አገር ከሆኑ። ሌሎች አገሮች በዚህ ላይ ይለያያሉ፣ ከኤምባሲያቸው መጠየቅ ነው። ኤስታ (ያለ ቪዛ ወደ አሜሪካ ለሚገቡ ሰዎች በኢንተርኔት የሚሰጥ የጉዞ ፈቃድ) ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ነው፤ ፈቃዱ የታሰረው ከፓስፖርት ቁጥሩ ጋር ስለሆነ ፓስፖርቱን የለወጠ ሰው አዲስ ኤስታ መሙላት ይኖርበታል።